ቶርኖ ቤት ዋጋ ስትጠይቁ፦ ፎቶ፣ ናሙና፣ ንድፍ ወይስ ፋይል?

ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚላጭ ማሽን) ያለው ሰው ስልክ ብትከፍቱ ቴሌግራሙ በብረት ፎቶ የተሞላ ነው። ግማሹ ዝገት፣ ግማሹ ግራሶ። ከፎቶው ሥር ያችው ጥያቄ አለች፦ «ይሄን ስንት ትሠራልኛለህ?»

ምን ይበል? ልኩ አልተጻፈም። የብረቱ ዓይነት አይታወቅም። ስንት ፍሬ እንደሚፈለግ አልተነገረም። አንዱ ባለሙያ ዝም ይላል። ሌላው እንዳይከስር ብሎ ከፍ አድርጎ ይጠራል። ሦስተኛው ደንበኛው እንዳያመልጠው ዝቅ አድርጎ ይጠራና ዕቃው እጁ ሲገባ «ይሄ እኮ ፍሬዛም አለው ወንድሜ» ይላል፤ ፍሬዛ በሚዞር መቁረጫ ቦይና ጠፍጣፋ ቦታ የሚያወጣው ሌላው ማሽን ነው። ከዚያ ወዲያ ንትርክ ነው።

ስለዚህ ከሦስት ቤት ሦስት የማይገናኝ ዋጋ ካገኛችሁ ለመናደድ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ሰዎች የገመቱት ሦስት የተለያየ ዕቃ ነው። ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ሁሉም አንድ ነገር ማየታቸውን ማረጋገጥ አለባችሁ። እዚህ የማወዳድረው መጀመሪያ የመጠየቂያ መንገዶቹን ነው፤ ሥራውን የት መውሰድ እንደሚያዋጣ ከዚያ በኋላ እናያለን።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ዋጋው ውስጥ ጥሬ ብረቱ አለ። የማሽን ሰዓቱ አለ። ከቶርኖ ውጭ ያለው ሥራም አለ፤ ፍሬዛ፣ ብየዳ፣ ማጠንከር። ሰው የሚረሳው ዝግጅቱን ነው። ባለሙያው ብረቱን ይቆርጣል፣ ማሽኑ ላይ ያስራል፣ መሃሉን ያስተካክላል፣ መቁረጫውን ይስላል። የዚህ አብዛኛው አንድ ፍሬ ብታሠሩም አሥር ብታሠሩም ያው ነው።

በቁጥር እንየው። ዝግጅቱ 2 ሰዓት ይውሰድ እንበል፤ ቆረጣው ደግሞ ለአንድ ፍሬ 30 ደቂቃ። አንድ ብቻ ካሠራችሁ የምትከፍሉት የ2 ሰዓት ተኩል ሥራ ነው። 10 ካሠራችሁ ጠቅላላው 7 ሰዓት ይሆንና ለአንዱ 42 ደቂቃ ይደርሰዋል። የአንዱን ዋጋ ጠይቆ በ10 ማባዛት እንግዲህ ዝግጅቱን አሥር ጊዜ መክፈል ነው። ዋጋውን ለ1፣ ለ5 እና ለ10 ለየብቻ ጠይቁ። የብሎኬት ማሽን ያላችሁ ሰዎች በተለይ ይሄን ልብ በሉ። ፒኑና ፒኑ የሚገባበት ቀለበት፣ ቡሹ፣ እንደሆነ ማለቁ አይቀርም።

የብረቱን ድርሻ ራሳችሁ መገመት ትችላላችሁ። ለድቡልቡል ብረት፣ ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዙትና ለ162 አካፍሉት። የ1 ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣላችኋል። 50 ሚሊ ብረት ከሆነ 2,500 ለ162 ሲካፈል 15.4 ኪሎ ነው። 70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላለው የወፍጮ ሻፍት (የሚዞረው ዘንግ) 10.8 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል ማለት ነው። ያንን ብረት መሸጫ ሄዳችሁ በኪሎ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ቶርኖ ቤቱ ሲነግራችሁ የእጁን ዋጋ ከብረቱ ዋጋ ለይታችሁ ታዩታላችሁ። ለመከራከር አይደለም፤ ለማወቅ ነው። ባለሙያው የሚከፍለው ለጥሬው ብረት ነው፤ ከእናንተ ሻፍት ላይ ተላጭቶ ለሚወድቀው ትርፍራፊም ተከፍሎበታል። ቀመሩ ለብረት ብቻ ነው። አሉሚኒየም የብረት ሲሶ ገደማ ይመዝናል፤ ናስና ብሮንዝ ከብረት ይከብዳሉ።

ፎቶ

ፎቶ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ «ይሄን መሥራት ትችላላችሁ?» ማሽኑ የማይችለው ርዝመት ወይም ውፍረት ከሆነ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ፤ ከባድ ብረት ተሸክማችሁ አትመላለሱም። ስትልኩ ሜትር ወይም ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጡ። ከዚያ በላይ ከፎቶ ዋጋ አትጠብቁ። በፎቶ የተነገረ ዋጋ ግምት ነው፣ ሁለታችሁም ግምት መሆኑን እወቁት።

ናሙና

ለጥገና፣ በተለይ ለአንድ ፍሬ፣ አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድ ከሁሉም ይቀላል። ባለሙያው ያገላብጠዋል፣ በካሊፐር (ሚሊ በሚሊ በሚለካው መሣሪያ) ይለካዋል፣ የተሰበረበትን ቦታ አይቶ ለምን እንደተሰበረ ይነግራችኋል። ይሄን የትኛውም ፋይል አይሰጣችሁም።

ችግሩ ናሙናው የተበላ መሆኑ ነው። ካልተበላማ ለምን ታሠራላችሁ? የተበላውን ለክቶ የሚሠራ ሰው አዲስ ብረት ላይ የተበላ ልክ ያወጣላችኋል። የወፍጮ ሻፍት እንውሰድ። ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) የሚቀመጥበት ቦታ ሲለካ 39.8 ሚሊ ወጣ እንበል። ልኩ እሱ ነው? አይደለም። ኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። 6208 የሚል ከሆነ የውስጡ ቀዳዳ 40፣ የውጩ 80፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ነው። በዚህ ዓይነት ቁጥር ከ04 ጀምሮ ያሉትን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች በ5 ብታባዙ የቀዳዳውን ልክ ታገኛላችሁ፤ 08 ሲባዛ በ5፣ 40። 6205 ከሆነ 25። ስለዚህ ለባለሙያው «39.8 ነው» አትበሉት። «6208 ይገባበታል» በሉት። ከቻላችሁ አዲሱን ኩሽኔታ ራሱን ገዝታችሁ አብራችሁ ውሰዱለት።

ደንቡ ለሌላውም ይሠራል፦ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚገጥመውንም ውሰዱ። ቡሽ ከሆነ ፒኑን። ፒኞን (ባለጥርስ ጎማ) ከሆነ ተጋጣሚውን ጥርስ። ፑሌጃ ከሆነ የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን።

ጥርስ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚጣላው እዚያ ነውና። ቀጥ ያለ ጥርስ ያለው ከሆነ ጥርሶቹን ቁጠሩ፤ የውጩን ዲያሜትር ለኩ፤ ከዚያ በጥርሶቹ ብዛት ላይ 2 ደምሩና ዲያሜትሩን ለድምሩ አካፍሉት። 24 ጥርስ ኖሮት የውጭ ዲያሜትሩ 78 ሚሊ ከሆነ፣ 78 ለ26 ሲካፈል 3 ነው። ሞጁሉ፣ ማለትም የጥርሱ መጠን መለኪያ፣ 3 ነው ማለት ነው። ይሄን ቁጥር ስትነግሩት ባለሙያው መቁረጫው እንዳለውና እንደሌለው ወዲያው ያውቃል። ከሌለው ዋጋው ሌላ ነው፣ ወይም ሥራው ከናካቴው የእሱ አይደለም። ስሌቱ ያልተስተካከለ ቁጥር ከሰጣችሁ ምናልባት ጫፉ ተበልቷል፣ ወይም ዕቃው በኢንች የተሠራ ነው። ጥርሱ ያዘመመ ከሆነ ደግሞ ስሌቱን ተዉት፤ ዕቃውን እንዳለ ውሰዱ።

ቪቴውም (የብሎኑ ጥርስ) እንደዚሁ ነው። «12 ሚሊ» እና «ግማሽ ኢንች» በዓይን ይመሳሰላሉ። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ነው። መደበኛው ኤም12 በጥርሶቹ መካከል 1.75 ሚሊ አለው፤ አሥር ጥርስ ርቀት ስትለኩ 17.5 ሚሊ ሊመጣ ይገባል። ካልመጣ አቁሙና ጠይቁ። ከቻይና የመጣ ማሽንና ከእንግሊዝ የመጣ አሮጌ ማሽን ጎን ለጎን በሚሠሩበት ቤት ይሄ ስህተት ሩቅ አይደለም።

ንድፍ

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ዕቃው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚሠራ ከሆነ በእጅ የተሣለ ንድፍ ከሁሉም ይበልጣል። ባለካሬ ደብተር ወረቀት ይበቃል። አንድ ከጎን፣ አንድ ከፊት። ውበት አያስፈልገውም፤ ቁጥሩ መሟላት አለበት። ለሦስት ቤት ያንኑ ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ስትልኩ ሦስቱም አንድ ዕቃ እያዩ ነው። ዋጋ ማወዳደር የሚቻለው ያኔ ነው። ናሙናን ግን በአንድ ጊዜ ሦስት ቤት ማስቀመጥ አትችሉም።

ወረቀቱ ላይ ልኮቹን በሚሊ ሜትር ጻፉ፤ ግማሹን በሳንቲ ሜትር ግማሹን በሚሊ አታድርጉት። የብረቱን ዓይነትና ብዛቱን ጻፉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛው ልክ ጥብቅ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ለዩ።

ዋጋ ከፍና ዝቅ የሚለው እዚህ ላይ ነው። «ሁሉም ልክ በልክ ይሁን» የሚል ደንበኛ ሳያውቀው ዋጋውን ይቆልላል። ጥብቅ ላልተባለ ልክ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ የአይሶ 2768 መካከለኛው፣ ከ30 እስከ 120 ሚሊ ላለ ልክ 0.3 ሚሊ መብለጥ ወይም ማነስ ይፈቅዳል። ከ120 እስከ 400 ሚሊ ደግሞ 0.5። ለአብዛኛው የሻፍት ርዝመት ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ለ40 ሚሊ ሻፍት ኬ6 የሚባለው ልክ ከ40.002 እስከ 40.018 ነው። ስፋቱ 16 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው፤ ከፀጉር ውፍረት እንኳ ያነሰ። እዚያ ጋ ባለሙያው ቀስ ይላል፣ በማይክሮሜትር ይለካል፣ ምናልባት በሞላ (በሚዞር መሳያ ድንጋይ) ይጨርሰዋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ያስከፍላል፣ ያስፈልጋልም። ያንኑ ጥብቅነት ማንም በማያየው ትከሻ ላይ መጠየቅ ግን ገንዘብ መበተን ነው።

ስለ ብረቱ ዓይነትም ሁለት ቃል። «ጠንካራ ብረት ይሁን» መልስ አይደለም። ኤስቲ37 የሚባለው ብረት ለስላሳ ነው፤ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ በእሳት ብታግሉትና ውሃ ብትነክሩት ለውጥ የሚባል አያመጣም። ሲ45 ይጠነክራል፣ ለሻፍት የተለመደ ነው። ከባድ ጫና ላለበት 42ሲአርኤምኦ4 አለ፤ ዋጋውም ይለያል። አንዳንድ ቤት ደግሞ ከአሮጌ የመኪና አክሰል ይሠራል። ይሄ መጥፎ ነው አልልም፤ አክሰል ጥሩ ብረት ነው። ነገር ግን ይነገራችሁ። አንዱ በአዲስ ሲ45፣ ሌላው በአሮጌ አክሰል ዋጋ ሰጥቶ ከሆነ ማወዳደሩ ከንቱ ነው። ማጠንከር የምትፈልጉ ከሆነም የት ላይና ምን ያህል እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን።

ፋይል

ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን) ላለው ቤት ወይም ለውጭ አገር ከሆነ ፋይል ያስፈልጋል። ስቴፕ የሚባለው ባለሦስት ገጽታ (3ዲ) ፋይል በአብዛኛው የንድፍ ፕሮግራም ይከፈታል። ለተቆረጠ ላሜራ ዲኤክስኤፍ የሚባለው የጠፍጣፋ ንድፍ ፋይል ይበቃል። ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የተለመደው ስቴፕ ፋይል ቅርጹን እንጂ ጥብቁን ልክ፣ የቪቴውን ዓይነት፣ የብረቱን ስም አይናገርም። እነሱን የያዘ ፒዲኤፍ አብሮ መላክ አለበት። ሁለቱ ከተጋጩ የትኛው እንደሚያሸንፍም ጻፉ። ለአንድ የወፍጮ ሻፍት ብሎ ሰው ቀጥሮ ፋይል ማሣል ግን ትርፉ ድካም ነው።

የት ይሠራ?

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው። ለእናንተ ሁለት ትርጉም አለው። ጥሩው፣ ከፍ ያለ ሥራ የለመደ እጅ ታገኛላችሁ። መጥፎው፣ ፋብሪካ አስቸኳይ ሥራ ካመጣ የእናንተ ሻፍት ወረፋ ትይዛለች። ስለዚህ «መቼ ይደርሳል?» የሚለውን ከዋጋው እኩል ጠይቁ። መብራት ቢጠፋስ? ብላችሁም ጨምሩ። ጄኔሬተር ያለውና የሌለው ቤት የሚሰጧችሁ ቀጠሮ አንድ አይደለም።

ደሴ ላይ ላላችሁ፣ ሥራው ቀላል ከሆነ እዚያው ደሴ አሠሩ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ግን ናሙና ማድረስ አለ፣ አስገጥሞ መሞከር አለ፣ ካልገጠመ መመለስ አለ። ለአንድ ቡሽ ሲባል ታክሲውና የባከነው ቀን ከቅናሹ ይበልጣል። ፍሬዛና ጥርስ መቁረጥ ያለበት ሥራ፣ ወይም ብዛት ያለው ከሆነ ግን ወደ ኮምቦልቻ መውረዱ ያዋጣል።

የኮሌጅ ወርክሾፕ ከውጭ ሥራ የሚቀበል ከሆነ ዋጋው ሊቀል ይችላል። ማሽኑ ግን የተማሪ ነውና ለአስቸኳይ ሥራ አልመርጠውም። ንድፍ ማሣል ለምትፈልጉ ግን ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረቀ ልጅ ፈልጉ። ሰፈር ውስጥ አንድ አይጠፋም።

አዲስ አበባ ምርጫ የሚሆነው የብረቱ ዓይነት እዚህ ከሌለ፣ ወይም ሥራው ሲኤንሲ ካስፈለገው ነው። ያኔ የጭነቱንና የመመላለሱን ወጪ ከዋጋው ላይ ደምሩ። ንድፍ ሳይኖር በናሙና ብቻ አዲስ አበባ ማሠራት ግን አልመክርም፤ ካልገጠመ ማን ይመላለሳል?

ቻይና ካለ ፋብሪካ ዋጋ መጠየቅም ቀላል ሆኗል፤ ፋይል ትልካላችሁ፣ ዋጋ ይመጣል። የሚያስጎመጅ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ኤክስ ዎርክስ የሚል ከሆነ ግን ዋጋው ከፋብሪካው በር ድረስ ብቻ ነው። ጭነቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ቀረጡ፣ የውጭ ምንዛሬው የእናንተ ነው። ኮምቦልቻ የጉምሩክ ቅርንጫፍም ደረቅ ወደብም አላት፤ አስመጪ የሆነ ጓደኛ ካላችሁ እጃችሁ እስኪገባ ስንት እንደሚሆን አስልቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ለብዙ መቶ ፍሬ ሊያዋጣ ይችላል። ለአንድ ሻፍት አይታሰብም።

ፕሮፎርማዎቹን ጎን ለጎን

አሁን ሦስት ፕሮፎርማ እጃችሁ ላይ አለ እንበል። ከታች ያለውን ድምር ከማየታችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ። ብረቱ የማን ነው? «የእጅ ዋጋ» ብቻ ከሆነ ብረቱን እናንተ ትገዛላችሁ። የኪ ቦዩ (ፑሌጃውን ሻፍቱ ላይ የሚያስረው ቁልፍ የሚገባበት ቦይ) ተካቷል? ማጠንከሩስ? አሮጌውን ማስወጣትና አዲሱን ማስገጠም?

ቫት ላይ ደግሞ ረጋ በሉ። አንዱ 8,000 ብር ቫትን ጨምሮ፣ ሌላው 7,200 ብር ከቫት በፊት ብሎ ቢሰጥ ሁለተኛው የሚረክስ ይመስላል። 15 በመቶ ሲጨመርበት ግን 8,280 ይሆናል። ድርጅት ከሆናችሁና ደረሰኝ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ደረሰኝ የማይቆርጥ ቤት ዋጋው ቢያንስም ለእናንተ አልቀነሰም።

የሚጸናበት ቀንም ይጻፍ። ብር ሐምሌ 2016 ላይ ወደ ገበያ መር ምንዛሬ ከገባ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ብረት ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ባለሙያው ለወር የሚጸና ዋጋ አልሰጥም ቢላችሁ አትፍረዱበት። በቀብድ ብረቱን አስገዝታችሁ የብረቱን ዋጋ ማሰር ትችላላችሁ። ብረቱን የሚሸፍን ያህል ቀብድ ተገቢ ይመስለኛል፤ ሙሉውን አስቀድሞ የሚጠይቅ ቤት ግን ምክንያቱን ያስረዳ።

ልኩ ስቶ ከመጣስ? ይሄን ሰው ለመጠየቅ ያፍራል። «አብሽር፣ ችግር የለም» የሚል መልስ ደስ ይላል፣ ግን በቂ አይደለም። ስህተቱ የባለሙያው ከሆነ በራሱ ብረት እንደገና ይሠራል ወይ? ብረቱ የእናንተ ከነበረስ? አንድ ቤት፣ ስሙን ልተወው፣ ቀዳዳውን አስፍቶ ካበላሸብኝ በኋላ የአዲሱን ብረት ዋጋ እኔው ላይ ጻፈው። አስቀድሞ የተስማማንበት ነገር ስላልነበረ የምለውም አልነበረኝም።

በመጨረሻ ዋጋቸው ከተቀራረበ እኔ የምመርጠው መልሶ የጠየቀኝን ነው። «ፑሌጃው በየት በኩል ነው? በደቂቃ ስንት ይዞራል? ኩሽኔታው በምን ይገባል?» ያለ ሰው ሥራውን በጭንቅላቱ ሠርቶታል። ሳይጠይቅ ወዲያው ቁጥር የወረወረ ሰው ሊያውቀው ይችላል፣ ገምቶም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የምታውቁት ዕቃው ሲመጣ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን መልእክት እንዲህ ጻፉት፣ ልኩን በራሳችሁ ቀይሩ፦

«ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። የወፍጮ ሻፍት ማሠራት ፈልጌ ነበር። ርዝመቱ 700 ሚሊ፣ ወፍራሙ ቦታ 48 ሚሊ ነው። ሁለት ቦታ ላይ 6208 ኩሽኔታ ይገባበታል፤ ጥብቅ ልክ የምፈልገው እነዚህ ላይ ብቻ ነው። አንዱ ጫፍ ላይ 38 ሚሊ የፑሌጃ መቀመጫ አለው፣ የኪ ቦዩ ወርዱ 10 ሚሊ። ብረቱ ሲ45 ይሁን፤ ከሌለ ያለውን ይንገሩኝ። ለ1 እና ለ3 ፍሬ ዋጋውን ለየብቻ፣ ብረቱን ጨምሮና ሳይጨምር፣ ከቫት ጋር ቢነግሩኝ። በስንት ቀን እንደሚደርስና ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም ይጻፉልኝ። አሮጌው ሻፍትና አዲሱ ኩሽኔታ እጄ ላይ ናቸው፤ ማየት ከፈለጉ ይዤ እመጣለሁ። ንድፉን ከዚህ በታች ልኬያለሁ።»